ጠርሙሱ ላይ የነበረው ቃል

መኳንንት በአሥራ ስምንት ዓመቱ መርዝ ጠጣ። የሰው ተንኮል አልነበረበትም፤ ኑሮ መርሮትም አይደለም። ጠምቶት ነው።

ዘመኑ 1963 ዓ.ም. ነው። ከጎጃም ከመጣ አራት ወሩ ነበር፤ በኮልፌ ግድም በአንድ የቆዳ መጋዘን በተሸካሚነት ገብቷል። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ሲያወርድ ውሎ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቋል። ቧንቧው ደርቋል። መደርደሪያው ጥግ ላይ ግን አንድ ረጅም ጠርሙስ ቆሟል፤ ውስጡ ያለው ነገር እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ያለ ነው። በላዩ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ ላይ ስድስት የፈረንጅ ፊደላት በቀይ ቀለም ተጽፈዋል።

መኳንንት የፈረንጁ ይቅርና የአገሩንም ፊደል አያውቅም። ቀይ ጽሕፈት ያየው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በደብራቸው የብራና መጻሕፍት ላይ። እዚያ ደግሞ በቀይ የሚጻፈው የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነው። ስለዚህ አሰበ፣ አሰበና «ይኼ ጠበል ነው» ብሎ ወሰነ። ወረቀቱን ተሳለመ። በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ተጎነጨ።

የቆዳ ትል መግደያ ነበር።

የመጋዘኑ ዘበኛ ሰይፈዲን ይባላሉ። ልጁ መሬት ላይ ሲንፈራገጥ ደረሱ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?»

«ጠበል ጠጥቼ…»

«የቱን ጠበል?»

ልጁ በጣቱ አመለከተ። ጋሽ ሰይፈዲን ጠርሙሱን አዩና ጮኹ። ወዲያው እንደ ማዳበሪያ ከረጢት ጀርባቸው ላይ ጣሉት፤ በዚያ ጭቃ እየሮጡ ዋናው መንገድ ደረሱ፤ የጭነት መኪና መሐል መንገድ ላይ ቆመው አስቆሙ፤ ሐኪም ቤት አደረሱት። መኳንንት አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛ። ልጁ በነቃ ጊዜ ሐኪሙ፣ «ተጽፎበት የለም እንዴ?» ብሎ ቢቆጣው፣ «ተጽፎበታል፤ ለእኔ ግን አልተጻፈም» አለ። ይህችን መልስ ዛሬም እንደ ማዕረግ ይጠራታል።

በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀናት ጋሽ ሰይፈዲን አንድ ቀን አልቀሩም። አንድ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ለሁለት ይቆርሱታል፤ ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለራሳቸው። «እርስዎ ቤትዎ ሄደው አይበሉም?» ቢላቸው፣ «ብቻውን የሚበላ በሽተኛ አይድንም» አሉት። ይህን አባባል ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ በሽተኛው ግን ዳነ።

ድኖ የመጀመሪያ ሥራው ወደ መጋዘኑ ተመልሶ ያን ወረቀት ከጠርሙሱ ልጦ ማምጣት ሆነ። እኔ ያኔም ዛሬም ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ «ወንድሜ፣ ይህን እንደ ክታብ ስፋልኝ» አለኝ። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ሊገድለኝ የነበረው ቃል ነው። እስካነበው ድረስ ካንገቴ አይወርድም» አለ። ሰፋሁለት። በዚህ ተዋወቅን።

ፊደል የቆጠርነው በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አላፍርበትም። አማርኛዬን ይዤ በቃኝ አልሁ፤ እስከ ዛሬም በእሷ እከብራለሁ። መኳንንት ግን አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው የፈረንጅ ነበርና በማታ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ገፋ። ስድስቱን ፊደላት ቶሎ አነበባቸው። ፖይዝን። መርዝ ማለት እንደሆነም አስተማሪው ነገረው። እኔ ክታቡን ሊፈታ ነው ብዬ መቀስ ሳዘጋጅ፣ «ቆይ፣ ገና ነው» አለኝ። «ምን ማለት እንደሆነ አወቅሁ፤ ከየት እንደመጣብኝ ግን አላወቅሁም።»

ይህንን ለማወቅ እስከ 1985 ዓ.ም. ቆየ፤ ያገኘውም ቆሎ ሲበላ ነው።

የሰፈራችን ባለ ሱቅ ገመቹ ያን ጊዜ ሱቁን መክፈቱ ነበር። መኳንንት ከእሱ ቆሎ ገዝቶ እየቆረጠመ ሲሄድ፣ ቆሎው አለቀና መጠቅለያው እጁ ላይ ቀረ። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገጽ ነው። በእያንዳንዱ ቃል ሥር የቃሉ አባት፣ አያትና ቅድመ አያት ተዘርዝሯል፤ ይህ ከፈረንሳይ፣ ያኛው ከላቲን፣ ሌላው ከግሪክ። መንገዱ መሐል ቆመ። «ለካ ቃልም እንደ ሰው ሰባት ቤት ይቆጠርለታል!» አለና ወደ ሱቁ ተመልሶ ሮጠ።

«ገመቹ! ይህ ወረቀት ከየት መጣ?»

«ምነው፣ ቆሎው ድንጋይ አለው እንዴ?»

«ቆሎውን ተወው! መጽሐፉ የታለ?»

ገመቹ ከባንኮው ሥር እንደ ጡብ የወፈረ መጽሐፍ አወጣ። ፊቱ የለም። «ከፊት ጀምሬ ነው የምቀደው» አለ በኩራት። «ገና ለሦስት ዓመት ይበቃኛል።»

መኳንንት በዚያው ሳምንት የገዛውን አዲስ ዣንጥላ ሰጥቶ መጽሐፉን ወሰደ። ክረምቱን በሙሉ እየበሰበሰ ሄደ፤ መጽሐፉን ግን ላስቲክ አለበሰው። የሚጀምረው ከአራተኛው ፊደል፣ ከዲ ነበር። ኤን፣ ቢንና ሲን የኮልፌ ሕዝብ ከቆሎና ከስኳር ጋር ጨርሷቸዋል።

ደግነቱ ፖይዝን በፒ ነው የሚጀምረው። ሱቄ መጥቶ ገለጠው። አንድ እጁ ክታቡን ጨብጧል፤ በሌላው ጣቱ መስመሩን እየተከተለ በከንፈሩ ያነባል። አባቱ የፈረንሳይ ቃል ነው አለኝ። አያቱ የላቲን ነው አለኝ።  ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰ መስሎኝ ተነሣሁ፤ ሳቅ ነው። ከወንበሩ ወደቀ።

«ምን ይላል?» አልሁት።

«መጠጥ!» አለ መሬት ላይ እንዳለ። «የቃሉ ሥር መጠጥ ማለት ነው! እኔ ምን አጠፋሁ? መጠጥ ተብሎ ተጽፎ ጠጣሁ!»

ክታቡን በመቀሴ ፈታሁለት። እሱም ወረቀቱን ይዞ ኮልፌን አቋርጦ ወደ ጋሽ ሰይፈዲን ቤት በረረ።

«ጋሽ ሰይፈዲን! ትክክል ነበርሁ!»

«ምኑን?»

«መጠጥ ነበር እኮ የሚለው!»

ጋሽ ሰይፈዲን ነገሩን እስከ መጨረሻው በእርጋታ ሰሙት። «እንግዲያው ሁለተኛ ስትጠጣ አልሸከምህም» አሉ። «ወገቤን ያመኛል።»

ከዚያ በኋላ ሰውየውን የሚያቆመው ጠፋ። ከሸክም ወጥቶ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ተራ አስከባሪ ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ የሚጠብቀው ሕዝብ እንዳይጋፋ ሰልፉን የሚያሲዝ እሱ ነው። ሰው ደግሞ ቆሞ ሲጠብቅ ይነጫነጫል። መኳንንት መድኃኒቱን አገኘ። በየቀኑ ከመንገዱ ዳር ካለችው ድንጋይ ላይ ይወጣና፣ «የዛሬው ቃል!» ብሎ ይጮኻል።

«ይህ የቆማችሁበት ሰልፍ በእንግሊዝኛ ኪው ይባላል። ኪው ከሥሩ ጭራ ማለት ነው!»

«ጭራ አልከን?»

«እኔ የጭራው ጫፍ ነኝ» ትላለች አንዲት ከኋላ የቆመች ሴት። «ዝንብ ላባርር?»

በማግሥቱ ደግሞ፣ «ባስ የምንለው በኦ ከሚጀምረው ኦምኒበስ ከሚል የላቲን ቃል ተቆርጦ የቀረ ነው። ለሁሉም ማለት ነው!» ይላል።

«ለሁሉም ከሆነ እኔ ጋ ሲደርስ ለምን ይሞላል?»

ደመወዝ በእንግሊዝኛ ሥሩ ጨው ነው ባለ ቀን አንዱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ «ለዚህ ነዋ የሚሟሟው!» ብሎ ጮኸ። መስል፣ ማለትም የክንድ ጡንቻ፣ ከሥሩ ትንሽ አይጥ ማለት ነው ባለ ቀን፣ አንድ ጎረምሳ ተሸካሚ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እያንቀሳቀሰ፣ «ድመት እንዳታየኝ ሸፍኑኝ» አለ። ሰው ታክሲ ሲመጣ መሳፈር ይረሳ ጀመር። ከአየር ጤና ድረስ ሊሰማ የመጣ ሰውም አውቃለሁ፤ ታክሲ የማያስፈልገው ሰው ነው፤ ሰልፍ ይይዝና ተራው ሲደርስ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ነገሩ ቤቱም ገባ። ባለቤቱን በላይነሽን አንድ ቀን ሊጥ ስታቦካ አግኝቷት፣ «ሌዲ የሚባለው ቃል ታውቂዋለሽ?» አላት።

«የትልልቅ ሰዎች ሚስት ነዋ።»

«ከጥንት ሥሩ ዳቦ የምታቦካ ማለት ነው።»

በላይነሽ ሊጥ በሊጥ የሆነ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ይህን ሁሉ ዘመን ሌዲ ሆኜ ኖሬ ዛሬ ነው የምትነግረኝ?» ከዚያ ቀን ወዲህ ሊጥ ይዛ በር ከተንኳኳ፣ «ሌዲ ሥራ ላይ ናት!» ትላለች።

መኳንንት አንድ ሕግ ነበረው። በዓይኑ ያላነበበውን ቃል አይናገርም። በኤ፣ በቢ ወይም በሲ የሚጀምር ቃል ሰው የጠየቀው እንደሆነ፣ «እሱን ገመቹን ጠይቁ፤ የጠቀለለበት እሱ ነው» ይላል። ሰው ይስቃል፤ ነገሩ ያልፋል። ይህን ሕግ አንድ ቀን ብቻ አፈረሰው። ያቺ አንድ ቀን ናት ልጁን ሙሽራ ልታሳጣው የነበረችው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ብርድ ያለበት ጠዋት፤ ሰልፉ ከወትሮው እጥፍ ነው። አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ኮፊስ?» ብሎ ጠየቀ። ኮፊ በሲ ነው የሚጀምረው። ገመቹን ጠይቅ ማለት ነበረበት። ግን ስልሳ ሰው ጸጥ ብሎ ድንጋይዋ ላይ የቆመውን ሰው ያያል። ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ተሸካሚ የነበረ ሰው፣ ስልሳ ሰው አፉን ሲጠብቅ ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል።

«ኮፊ ማለት ከፋ ነው!» አለ። «ከራሳችን ከከፋ የተወሰደ! ጥርጥር የለውም፤ በመጽሐፉ ተጽፏል!»

እልልታው ከሰማይ በላይ ሆነ። በመካከሉ አንድ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ።

«ወንድሜ፣ በየትኛው መጽሐፍ? እኔ የማውቃቸው ከዐረብኛው ቃህዋ፣ በቱርክ አድርጎ የመጣ ነው የሚሉት። የከፋው ይባላል እንጂ አልተረጋገጠም።»

«ቡናችንን ለዐረብ ሰጡት!» አለ አንዱ።

«አውርዷቸው!»

«መቼ ተሳፈሩና?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው መኳንንትን አዩት። አንድ ቃል ቢናገር፣ «ቆዩ፣ እኔም ገጹን አላየሁትም» ቢል፣ ነገሩ ያልቅ ነበር። አልተናገረም። ሽማግሌው ሰልፉን ትተው ወደ አስኮ በእግራቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ማዞሪያው «ጋሽ ቃህዋ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ እሳቸውም ዳግመኛ እዚያ ሰልፍ ላይ አልታዩም። መኳንንት በዚያ ሳምንት ድንጋይዋ ላይ አልወጣም። ጉሮሮዬን አሞኛል አለ።

የመኳንንትና የበላይነሽ አንድ ልጅ ማሙሽ ነው። ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ ስሙ ግን ማሙሽ ሆኖ ቀረ። አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌትሪክ ይሠራል። እዚያው ሰፈር ማራኪ የምትባል የመድኃኒት ባለሙያ ወደደ። ልጅቷ በምትሸጠው መድኃኒት ሁሉ ላይ በአማርኛ ትጽፋለች፤ «በቀን ሁለት ጊዜ»፣ «ለቁስል ብቻ»፣ «አይጠጣም»። ማሙሽ አንድ ቀን የሳል መድኃኒት ይዞላቸው ቢመጣ መኳንንት ጽሑፉን አነበበና ዓይኑ እንባ ሞላ። «ይህ ለእኔ የተጻፈ ነው» አለ። «ይህችን ልጅ አምጣት።»

እንግዲህ ሽምግልና ተላክን። እኔ፣ ጋሽ ሰይፈዲንና ገመቹ። የልጅቷ ቤት አስኮ ነው። በሩን የከፈቱልን አባቷ ናቸው፤ መምህር ቀጄላ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ። ገመቹ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላም ሲላቸው ፊታቸው በራ።

«ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ እንጂ።»

«አንቀመጥም» አልሁ እንደ ወጉ። ጠያቂ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም። «ልጃችንን ልጅ አድርጉልን ብለን ነው የመጣነው።»

መምህሩ ደስ ያላቸው መሰሉ። ስለ ማሙሽ ጠየቁ፤ መለስን። ስለ ጠባዩ ጠየቁ፤ መለስን። «አባቱስ ማን ይባላሉ?» አሉ።

«መኳንንት ይባላል። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ተራ አስከባሪ ነው።»

ፊታቸው እንደ መጽሐፍ ተዘጋ። «ኮፊ?» አሉ ቀስ ብለው።

ያን ጊዜ ነው ያወቅኋቸው። ጋሽ ቃህዋ ናቸው። ገመቹ ደግሞ፣ «አዎ፣ ያው ኮፊ!» ብሎ አረፈው።

«ስሙኝ» አሉ መምህሩ። «ተራ ማስከበር የተከበረ ሥራ ነው። ድህነትም ነውር አይደለም። ስድቡንም ረስቼዋለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማርሁት ግን አንድ ነገር ነው፤ የማታውቀውን አላውቅም በል። በመጽሐፉ ተጽፏል ብሎ ለስልሳ ሰው የዋሸ ሰው ቤት ልጄን አልልክም። ገጹ ካለው ያሳየኝ፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከሌለው፣ በተናገረበት ቦታ፣ ለዚያው ሕዝብ ይናገር።»

ለመንን፤ ቆመን ለመንን። አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። የጋሽ ሰይፈዲን ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትከሻዬን ተደገፉና፣ «መምህር፣ ልጅቱን ባይሰጡን እንኳ ወንበሩን ስጡን» አሉ።

መምህሩ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። አልሳቁም። እኛም አልተቀመጥንም።

ነገሩን ለመኳንንት ነገርነው። «ገጹን ገመቹ ጠቅልሎበታል በሏቸው» አለ።

«ታዲያ ሳታየው ለምን ተጽፏል አልህ?» አልሁት።

«ያን ድንጋይ አታውቀውም» አለኝ። «ከዚያ ላይ ከወረድሁ ተሸካሚ ነኝ። ያ ሕዝብ አንድ ጊዜ ውሸታም ካለኝ፣ ነገ ሰልፍ ያዙ ብል ማን ይሰማኛል?»

ማሙሽ ቆሞ ይሰማል። የጋራዥ ቱታውን እጅጌ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። ያኔ በላይነሽ ከጓዳ ወጣች።

«ሌዲ ትናገር?»

«ተናገሪ።»

«መርዝ ጠጥተህ የዳንህ ሰው፣ ተሳስቻለሁ ማለት ይገድልሃል?»

ሰኞ ጠዋት እኔ የልብስ መኪናዬን ትቼ ሄድሁ። መኳንንት ድንጋይዋ ላይ ወጣ። ክራቫት አስሯል፤ እኔ የሰፋሁለት ናት፤ ለልጁ ሠርግ ያስቀመጣት።

«የዛሬው ቃል!» አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «የዛሬው ቃል ኤረር ነው። ስሕተት ማለት ነው። ሥሩ ግን መንከራተት፣ ከመንገድ መውጣት ማለት ነው። ይህን አንብቤዋለሁ፤ በኢ ነው የሚጀምረው። የዛሬ ሁለት ዓመት እዚህ ቆሜ ኮፊ ከከፋ የወጣ ነው፣ በመጽሐፉ ተጽፏል አልኋችሁ። አላነበብሁትም። ገጹ የለኝም። ዋሽቻችኋለሁ። አንድ መምህር እውነቱን ነገሩን፤ ሳቅንባቸው። ስሕተት መንከራተት ነው ብያችኋለሁ፤ የተሳሳትሁት እኔ፣ በእግራቸው አስኮ ድረስ የተንከራተቱት እሳቸው።»

ከሰልፉ መሐል አንዱ፣ «ታዲያ ቡና የእኛ አይደለም?» አለ።

«ቡናው የእኛ ነው። ቃሉን አላውቅም።»

አላውቅም ሲል ድምፁ ተመለሰለት። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። መኳንንት ዓይኑን ጨፍኖ የሚመጣውን ይጠብቃል። መጀመሪያ የተናገረው የሚኒባስ ረዳት ነው፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ «ጋሼ! እኔ አራት ወንበር ባዶ ይዤ በቀን ሃያ ጊዜ አንድ ሰው ነው የቀረው እላለሁ! ይቅር ብለንዎታል!» አለ።

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። እልልታ ተጨመረበት። በዚያ ሁሉ መሐል አንድ ካፖርት ከሰልፉ ጭራ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። ማራኪ ነግራቸው ኖሯል። «ጋሽ ቃህዋ! ጋሽ ቃህዋ መጡ!» የሚል ሹክሹክታ ሆነ፤ ከዚያ ሰው አፍሮ መንገድ ለቀቀላቸው። መኳንንት እጁን ዘረጋ። መምህር ቀጄላ ያዙትና ድንጋይዋ ላይ ወጡ። ለሁለት አትበቃም፤ እንዳይወድቁ ወገብ ለወገብ ተያያዙ።

«እውነቱን ልንገራችሁ» አሉ መምህሩ። «ከከፋ ሊሆንም ይችላል። ዐዋቂዎቹም ገና ይከራከራሉ። እኔም አላውቅም!»

በሕይወቴ ሁለት ሽማግሌዎች አላውቅም በማለታቸው ይህን ያህል ሲጨበጨብላቸው አላየሁም። ሦስት ሚኒባሶች ባዷቸውን ቆመው ጥሩምባ ይነፋሉ። አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «ቃላችሁን ጨርሱና ውጡልን!» ይላል። የወጣለት የለም።

በሳምንቱ አስኮ ተመለስን፤ በዚህ ጊዜ መኳንንትም አብሮን አለ። ገና ከበሩ እንደገባን መምህሩ፣ «ቶሎ ልስጣችሁ፤ የጋሽ ሰይፈዲን ጉልበት እንዳይፈርድብኝ» አሉ። ጋሽ ሰይፈዲን ምርቃቱ ሳያልቅ ተቀመጡ። ከዚያ መምህሩ ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ጥራዝ አመጡ። ከራሳቸው መዝገበ ቃላት ኤን፣ ቢንና ሲን ፎቶ ኮፒ አስደርገው፣ በጨርቅ አስጠርዘውታል።

«ዛሬ ጥሎሹ በእኛ በኩል ነው» አሉና ለመኳንንት በሁለት እጃቸው ሰጡት።

ገመቹ ጥራዙን ዳስሶ፣ «ወረቀቱ ስስ ነው፤ ለቆሎ አይሆንም» አለ።

በሠርጉ ዕለት መምህር ቀጄላ ተነሥተው፣ በየውበት ሳሎኑ በር ላይ ብራይዳል ተብሎ የሚጻፈው ቃል ከጥንት ሥሩ የሙሽራ ጠላ ማለት እንደሆነ ተናገሩ። ከቢ ገጽ ላይ ነው። ሕዝቡ ሰምቶ ዝም አላለም፤ ጠላው ከእኩለ ቀን በፊት አለቀ። በላይነሽና ማራኪ ተያይዘው ሲጨፍሩ፣ «ሁለት ሌዲ! ሁለት ሌዲ!» ተባለ። መኳንንትና መምህሩ አንዱ ካንዱ ቀድሞ ቃል ለመናገር ማይክ ሲቀማሙ አመሹ፤ የዘፋኙ ተራ የደረሰው ተለምኖ ነው።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ወር ነው። ትናንት መኳንንት ጋሽ ሰይፈዲንን እጃቸውን ይዞ ሱቄ መጣ፤ ሽማግሌው አሁን ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዳቦ ይዘዋል። መኳንንት ጥራዙን የልብስ መኪናዬ ላይ ዘረጋው። ሲ ላይ ደርሷል።

«ኮምፓኒየን» አለ። «ጓደኛ ማለት ነው። ሥሩን ስሙ። ከላቲን ነው፤ አንደኛው ቁራጭ አብሮ ማለት ነው። ሁለተኛው ዳቦ።»

እኔ መርፌዬን አስቀመጥሁ። «ባልንጀራ» አልሁ። «ባለ እንጀራ። እኛም እንዲሁ ነው የምንለው።»

ሦስታችንም ዳቦውን አየን። እነዚያ ሰዎች ከእኛ ሳይማከሩ፣ እኛም ከእነሱ ሳንማከር፣ ስለ አንድ ነገር አንድ ዓይነት አሰብን። ከዚያ ሳቅን፤ ጋሽ ሰይፈዲን ሳቃቸው ከሳል ጋር ተቀላቅሎ ጀርባቸውን መታ መታ አደረግናቸው። ዳቦውን ለሦስት ቆረሱት።

ታሪኩን እየጻፍሁ መሆኔን ለመኳንንት ነገርሁት። «መጨረሻው ላይ ያንተን ቃል እፈልጋለሁ» አልሁት። «ከዚህ ሁሉ ዋናው ነገር ምን ነበር?»

መልሱን ከመጽሐፍ አልፈለገም። ድርሻውን ዳቦ በእጁ ይዞ ጋሽ ሰይፈዲንን አያቸው።

«መርዙን የጠጣሁት ብቻዬን ነው» አለ። «ዳቦውን ግን ብቻዬን አልበላሁም። ሁለቱም ቃላት ኋላ ሲገቡኝ ነው የሳቅሁት፤ ሲደርሱብኝ ግን አንዱ ሊገድለኝ ነበር፣ አንዱ አዳነኝ። የተጻፈብህን ማንበብ መልካም ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማንበብ ሳልችል አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዳቦ የቆረሰልኝ ሰው ነው።»